በቆጋ ውሃ ላይ የተሰመረች መስመር
(ስለ መስመራዊ ፈንክሽን፥ ስለ ተዳፋትና ስለ መነሻ የተዘጋጀ የሬዲዮ ትምህርት)

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገርበት ነገር በአልጀብራ ትምህርት ውስጥ መስመራዊ ፈንክሽን ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ስም ገና ሲነሣ ብዙው ተማሪ ፊቱን እንደሚያጠቁር፥ አባትም እናትም ልጃቸው ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ «ይህንስ አስተማሪህን ጠይቅ» ብለው እንደሚመልሱት እናውቃለን፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ፍርሀት የመጣው ከነገሩ ጥልቀት ሳይሆን፥ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ነገሩን ትቶ ከፊደላቱ ስለሚጀምር፥ ተማሪውም ፊደላቱ የምን ምልክት እንደ ሆኑ ሳይረዳ ወዲያና ወዲህ ማዘዋወርን ብቻ ስለሚለምድ ይመስለኛል። ስለዚህ እኛ ፊደሉን ወደ ኋላ አቆይተን ነገሩን እናስቀድማለን፤ ነገሩም ውሃ ነው፥ ውሃውም የቆጋ ውሃ ነው። ወረቀትና እርሳስ ያላችሁ አቅርቡ፤ የሌላችሁም በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ ብትጭሩ ይበቃል።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከሜጫ አገር ከተማ ከመርዓዊ ይደርሳል። ቆጋ በዚሁ አገር አልፎ ከግልገል ዓባይ የሚቀላቀል፥ ከግልገል ዓባይም ጋራ ሆኖ ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ሲሆን፥ በክረምት ሞልቶ ያልፍ የነበረው ውሃው በበጋ ለአዝመራ እንዲውል ተብሎ፥ የአፍሪካ ልማት ባንክ በገንዘብ ረድቶ፥ ከመርዓዊ አጠገብ የአፈር ግድብ ተሠርቶበታል። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ሊያለማ የታቀደውም መሬት 7,000 ሄክታር ያህል ነው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በጎደለው ዋና ቦይ ተጉዞ፥ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ቦዮች ተከፍሎ፥ በመጨረሻም ከገበሬው ማሳ ሲደርስ፥ ዱሮ ዝናም ካባራ በኋላ ከብት ብቻ ይሰማራበት በነበረው መሬት ላይ ስንዴው፥ ድንቹ፥ ሽንኩርቱና ጥቅል ጎመኑ በጥር በየካቲት ለምልሞ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥሁት ግን ታላቁን ግድብ አይደለም። መንገደኛ ከሩቅ የማያየውን፥ መሐንዲሶቹ ናይት ስቶሬጅ የሚሉትን፥ እኛም የሌሊት ኩሬ ብንለው የሚስማማውን ማጠራቀሚያ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በዋናው ቦይ የሚሄደው ውሃ ረዥም መንገድ ስላለበት ማታ ማታ እየዘጉ ጧት ጧት መክፈት የማይመች ከመሆኑም በላይ፥ ጧት የተለቀቀው ውሃ ከቦዩ ጫፍ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ያልፋል፤ ገበሬው ደግሞ በጨለማ ትልም ለትልም ውሃ ሲመራ ማደር አይሆንለትም። ውሃው ሌሊትም ይሄዳል፥ ሰው ግን ያርፋል። ይህን ለማስታረቅ በቦዮቹ መስመር ላይ ኩሬዎች ተቆፍረው፥ ሌሊት የሚመጣውን ውሃ ተቀብለው ያሳድሩና ጧት ለገበሬው ያስረክባሉ። በቆጋ እነዚህን የመሰሉ ኩሬዎች 11 ናቸው።

አሁን ከነዚህ ኩሬዎች በአንደኛው ዳር ቆመናል እንበል። ከኩሬው ጠርዝ አጠገብ ሜትርና ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት የመለኪያ ሰሌዳ በውሃው ውስጥ ቆሟል፤ ከውሃው በላይ ባለው የኩሬው ግድግዳ ላይ ትናንት ሌሊት ውሃው የደረሰበት የደለል መስመር ደርቆ ይታያል፤ ጠባቂውም ባትሪውን አብርቶ ቁጥሩን ያነብና በእጁ ከያዘው ሠንጠረዥ ላይ ይህን ያህል ጥልቀት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚሆን ይመለከታል። ከዚህ ቀጥሎ የምሰጣችሁ አኀዞች ለትምህርት ያህል እኔ ያዘጋጀኋቸው ናቸው እንጂ የአንድ የታወቀ ኩሬ መዝገብ አይደሉም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ገበሬዎቹ የማሳቸውን ቦይ ዘግተው ሲሄዱ በኩሬው ውስጥ 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ተርፏል። ከቦዩ በየሴኮንዱ 200 ሊትር ውሃ ይገባል፤ ይህም በደቂቃ 12 ሜትር ኩብ፥ በሰዓት 720 ሜትር ኩብ ማለት ነው። እንግዲህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 2,720፥ በ2 ሰዓት 3,440፥ በ3 ሰዓት 4,160 ይሆናል። እንዲህ እያለ ሄዶ ጎሕ ሲቀድ፥ 12 ሰዓት ሲሞላ፥ 10,640 ይደርሳል። ይህን ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ ከኩሬው ዳር መቀመጥ አያስፈልግም፤ የሰዓቱን ቁጥር በ720 አባዝቶ 2,000 መጨመር ይበቃል።

ፊደል የሚያስፈልገን አሁን ነው። የውሃውን ልክ ው፥ የሰዓቱን ቁጥር ሰ ብለን ብንጠራቸው፥ ከላይ በብዙ ቃል የተናገርነው ሁሉ በአንዲት እኩልታ ይጠቃለላል፤

ው = 2,000 + 720 × ሰ

በዚህች እኩልታ ውስጥ ው እና ሰ የሚለዋወጡ ናቸው፤ 2,000 እና 720 ግን ሌሊቱን በሙሉ ከስፍራቸው አይነቃነቁም። አንድን ሰዓት በሰጠናት ቁጥር አንድን የውሃ ልክ፥ ያውም አንድ ብቻ፥ ስለምትመልስልን ፈንክሽን እንላታለን፤ ባንድ ሰዓት ላይ ኩሬው ሁለት ዓይነት ልክ ሊኖረው አይችልምና። ሰዓቱ በአንድ በጨመረ ቁጥር ውሃው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ልክ ስለሚጨምር ደግሞ መስመራዊ ናት። 720 የተባለው፥ ተማሪዎች ስሎፕ የሚሉት፥ ተዳፋቷ ነው። 2,000 የተባለው፥ ኢንተርሴፕት የሚሉት፥ መነሻዋ ነው። ለማንኛዋም መስመራዊ ፈንክሽን ተዳፋቱን ተ፥ መነሻውን መ ብንል፥ አጠቃላይ መልኳ ው = ተ × ሰ + መ ይሆናል። መጻሕፍቱ በሌላ ፊደል ቢጽፉትም ነገሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ የሰዓት አቈጣጠር ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። ሌሊቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምረን ስለምንቈጥር፥ የግድግዳው ሰዓት 5 ሲል በእኩልታችን ውስጥ ያለው ሰ ራሱ 5 ነው፤ ሌላ ማስተካከያ አይፈልግም። ፈረንጅ ግን ይኸንኑ ጊዜ 11 ብሎ ስለሚጠራው፥ ካነበበው ላይ 6 መቀነስ ይኖርበታል፤ እኩለ ሌሊት አልፎ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ሲጀምር ደግሞ 6 መጨመር ግድ ይሆንበታል።

ከዚህም ነገር ብዙ መምህራን ቸል የሚሉት፥ እኔ ግን የዚህ ትምህርት ምሥጢር ነው የምለው ጉዳይ ይወጣል። ጠባቂው አርፍዶ መጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መቍጠር ቢጀምር፥ የእርሱ ዜሮ በ2 ሰዓት ላይ ይውላልና መነሻው 2,000 መሆኑ ቀርቶ 3,440 ይሆናል። ውሃው ግን በዚህ ምክንያት አይፈጥንም አይዘገይም፤ ተዳፋቱ ያው 720 ነው። ስለዚህ መነሻው ቈጣሪው ዜሮውን ባኖረበት ስፍራ የተወሰነ ሲሆን፥ የሰዓቱና የስፍሩ መለኪያ እስካልተለወጠ ድረስ ተዳፋቱ የነገሩ የራሱ ጠባይ ነው። በሰዓት ፈንታ በደቂቃ ብንቈጥር ግን 720 የነበረው 12 ይሆናል፤ ስለዚህም ተዳፋትን ያለ መለኪያው የሚጠራ ተማሪ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

የመነሻን ነገር አባቶቻችን ፊደል ሳይጠቀሙ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የዘመን አቈጣጠር ትምህርት የተማረ ሰው ዓመተ ዓለምን፥ ማለት ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቈጠረውን ዘመን፥ ለማግኘት በዓመተ ምሕረት ላይ 5,500 ይጨምራል፤ 2017 ዓመተ ምሕረት 7517 ዓመተ ዓለም የሚሆነው በዚህ ነው። ይህ ራሱን የቻለ መስመራዊ ፈንክሽን ነው፤ መነሻው 5,500፥ ተዳፋቱም 1 ነው፥ ዓመት በዓመት ላይ አንድ አንድ ብቻ ይጨምራልና። ከአውሮፓውያን ጋራ ያለን የዘመን ልዩነትም እንዲሁ የመነሻ ልዩነት ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በ7 ዓመት፥ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ዓመት ይቀድሙናል እንጂ፥ ዓመታቸው ከዓመታችን አይፈጥንም። በወረቀት ላይ ቢሰመሩ ሁለቱ ዘመናት ሳይገናኙ ጐን ለጐን የሚሄዱ መስመሮች ናቸው።

በዚሁ በባሕረ ሐሳብ ያለው የአበቅቴ ስሌት ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወስደዋል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው መደብ ይባላል፤ ከመደቡ አንድ ሲነሣ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ተገድፎ የሚተርፈው አበቅቴ ነው። 7517 ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ወንበሩ 11 ይሆናል፤ 11 ጊዜ 11 ደግሞ 121 ነው፤ ከዚህ ውስጥ አራት ጊዜ 30 ሲወጣ አንድ ይቀራል፤ የ2017 አበቅቴም 1 ነው። ማባዛቱ ብቻ ቢሆን መነሻዋ ዜሮ፥ ተዳፋቷ 11 የሆነች ቀጥ ያለች መስመር ትሆን ነበር፤ ነገር ግን 30 በሞላ ቁጥር ተቈርጣ ወደ ታች ስለምትመለስ፥ አንዲቷ መስመር ብዙ ቁራጭ መስመሮች ትሆናለች፤ የሁሉም ተዳፋት ግን እኩል ነው።

ወደ ኩሬያችን እንመለስና፥ መነሻውንም ተዳፋቱንም የሚነግረን ሰው ባይኖር እንዴት እናገኛቸዋለን የሚለውን እንመልከት። ጠባቂው በመዝገቡ ላይ ሁለት ብቻ ጽፎ እንቅልፍ ጣለው እንበል፤ በ2 ሰዓት 3,440፥ በ5 ሰዓት 5,600። ከሁለተኛው የውሃ ልክ ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ 2,160 ይሆናል፤ ከሁለተኛው ሰዓት ላይም የመጀመሪያው ሲቀነስ 3 ይሆናል፤ 2,160 ለ3 ሲካፈል 720 ይደርሳል፤ ይህ ተዳፋቱ ነው። ከዚያም ከ3,440 ላይ የሁለቱን ሰዓት ጭማሪ፥ ማለት 1,440ን፥ መልሰን ብንቀንስ 2,000 እናገኛለን፤ ይህም መነሻው ነው። ሁለት ነጥብ ከተገኘ መስመሯ በሙሉ ተገኘች ማለት ነው፤ ሦስተኛ ነጥብ የሚያስፈልገው ሁለቱ በትክክል መነበባቸውን ለመመስከር ብቻ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት የውሃውን ልክ ሲቀንሱ ከኋለኛው ላይ ፊተኛውን፥ የሰዓቱን ሲቀንሱ ግን ከፊተኛው ላይ ኋለኛውን ሲያነሡ ነው፤ ያን ጊዜ እየሞላ ያለው ኩሬ በወረቀታቸው ላይ ይጐድልባቸዋል።

አሁን ደግሞ መስመሯን እንሥላት። በወረቀቱ ግርጌ አግድም መስመር አስምሩና ከ0 እስከ 12 ሰዓት ጻፉበት፤ ከዜሮው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ መስመር አስምሩና የውሃውን ልክ በሺህ በሺህ ጻፉበት። በቋሚው መስመር ላይ 2,000 በተጻፈበት ነጥብ አኑሩ፤ በ12 ሰዓት አቅጣጫ 10,640 ላይ ሌላ ነጥብ አኑሩ፤ ሁለቱን በማስመሪያ አገናኙ። መስመሯ ቋሚውን የምትቈርጥበት ስፍራ መነሻው ነው፤ የአቀበቷ ብርታትም ተዳፋቱ ነው። ይህን፥ ቁጥርንና ሥዕልን አንድ የማድረግን ጥበብ፥ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ አስፋፍቶታል፤ ያም በእኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ በነገሡበትና ጐንደር በተቈረቈረችበት ዘመን የዋለ ነው።

ነጋ። ገበሬዎቹ መጡ፤ የኩሬው በር ተከፍቶ በሰዓት 1,440 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ማሳ ይወጣ ጀመር። ነገር ግን ከዋናው ቦይ የሚገባው 720 አላቋረጠም። ስለዚህ ኩሬው በየሰዓቱ የሚጐድለው የሁለቱን ልዩነት፥ ማለት 720 ብቻ ነው። ሰዓቱን ከንጋቱ 12 ሰዓት እንደገና ከዜሮ ብንጀምር፥

ው = 10,640 − 720 × ሰ

እንላለን። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ተዳፋት መስመሯ ወደ ታች እንደምትወርድ ያመለክታል። ከ12 ሰዓት በኋላ፥ ሲመሽ፥ ኩሬው ወደ 2,000 ይመለሳል፤ ሌሊቱም እንደገና ይጀምራል። ገበሬዎቹ የሚያወጡት ውሃ ከሚገባው ጋራ እኩል ቢሆን ኖሮ ተዳፋቱ ዜሮ ይሆን፥ መስመሯም ቀኑን ሙሉ ሳትወጣ ሳትወርድ አግድም ትሄድ ነበር፤ ከላይ የሚያየው ሰው ኩሬው የቆመ ይመስለዋል እንጂ ውሃው እየተለወጠ ነው። አንድ ዓይነት የውሃ ልክ፥ ለምሳሌ 5,600፥ ሌሊት አንድ ጊዜ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ሊገኝ መቻሉ ፈንክሽን መሆኗን አያፈርስባትም፤ የተከለከለው ለአንድ ሰዓት ሁለት ልክ መኖሩ ነው።

ተዳፋት የሚለው ነገር ለውሃ ልክ ብቻ ሳይሆን ለመሬቱም ለቦዩም ያገለግላል፤ ዱሮም ስሙ የመጣው ከዚያው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከቆጋ ግድብ ወጥቶ 1,786 ሜትር ላይ ወደሚገኘው ጣና የሚወርደው ውሃ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ይሁንና ወንዙ አንዳንዴ እየፈጠነ አንዳንዴም በሜዳ ላይ እየተኛ ስለሚሄድ መውረጃው አንዲት ቀጥ ያለች መስመር አይደለም። ቦይ ግን በሰው እጅ የተሠራ ስለሆነ ተዳፋቱን መሐንዲሱ ይወስነዋል፤ ቦዩ በ1,000 ሜትር ርዝመት ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ተዳፋቱ ከ5,000 አንድ ነው ማለት ነው። ከልክ በላይ ቢያዘቀዝቅ ውሃው የቦዩን ጐን እየሸረሸረ ይሄዳል፤ ከልክ በላይ ለጥ ቢል ደግሞ ደለሉ ከታች ይጋደምና ቦዩን ይደፍነዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ፥ ጥንቃቄ የሚያሻውም፥ መስመሯ እስከ የት ድረስ እውነት ትናገራለች የሚለው ነው። ግድቡ ሞልቶ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በያዘበት ወቅት ከኅዳር 1 ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ሚሊዮን ይለቀቃል ብለን ብናስብ፥ ው = 83 − 0.5 × ቀ ይሆናል፤ ቀ የቀኑ ቁጥር፥ ው ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠረው ውሃ ነው። በመቶኛው ቀን፥ የካቲት 10፥ 33 ሚሊዮን ይቀራል፤ በ166ኛውም ቀን፥ ሚያዝያ 16፥ መስመሯ አግድሙን ትነካና ውሃው አለቀ ትለናለች። የአልጀብራው ሥራ እስከዚህ ድረስ ምንም ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ ከውሃው መውጫ በታች የሚቀረው ውሃ ወደ ቦዩ ሊወጣ አይችልምና፥ ገበሬው ውሃ የሚያጣው መስመሯ ከዜሮ ሳትደርስ ነው፤ ደግሞም የመጋቢት ፀሐይ ከውሃው ላይ የሚያተነውን በእኩልታው ውስጥ አላስገባነውም፤ በክረምትም ወንዙ ሲሞላ ተዳፋቱ ራሱ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ሳይታሰብ በ166 ቀን ተማምኖ ሁለተኛ ዙር ስንዴ የዘራ ሰው ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳለ ዘሩ ሊደርቅበት ይችላል።

ሌላም መሰናክል አለ። የውሃው ልክ በሜትር ኩብ ሲቈጠር በእኩል መጠን ቢቀንስም፥ በመለኪያው ሰሌዳ ላይ የሚነበበው ጥልቀት ግን በእኩል መጠን አይቀንስም። የግድቡ ማጠራቀሚያ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነውና፥ በኅዳር ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲወጣ በሰሌዳው ላይ ጥቂት ብቻ ይወርዳል፤ በሚያዝያ ያው ግማሽ ሚሊዮን ሲወጣ ብዙ ይወርዳል። ስለዚህ በሰሌዳው ቁጥር ብትሥሉት የምታገኙት ቀጥ ያለች መስመር ሳይሆን ወደ መጨረሻው እየተጣመመች የምታዘቀዝቅ ናት። ሰው በሚያዝያ «ውሃው ባንድ ጊዜ ጠፋ» የሚለው ሁልጊዜ ጠባቂው ብዙ ስለ ለቀቀ አይደለም። የኩሬው ጠባቂ ጥልቀቱን ወደ ሜትር ኩብ የሚለውጥበትን ሠንጠረዥ በእጁ መያዙም ስለዚህ ነው።

አድማጮቻችን፥ ለሳምንት የሚሆን ጥያቄ ትቼላችሁ ልሰናበት። ሁለት የሌሊት ኩሬዎች አሉ። የመጀመሪያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ በየሴኮንዱ 200 ሊትር ይገባለታል። ሁለተኛው በዚያው ሰዓት 3,080 ሜትር ኩብ ይዞ በየሴኮንዱ 150 ሊትር ይገባለታል። በመጀመሪያ የሁለቱን እኩልታ ጻፉ፤ ሊትሩን በሰዓት ወደሚገባ ሜትር ኩብ መለወጥን እንዳትረሱ። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ባንድ ወረቀት ላይ ሣሉና፥ ሌሊት በስንት ሰዓት ላይ የሁለቱ ውሃ እኩል እንደሚሆን፥ ልኩም ስንት እንደሚደርስ፥ በሥዕሉ ገምታችሁ በስሌት አረጋግጡ። መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እንሠራዋለን፤ እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።